ተሊቢ፦ ከግግር በታች የሚጠመድ፣ በጭስ የሚታጠን ዓሣ

ተሊቢ በሰሜን አሜሪካ ጥልቅና ቀዝቃዛ ሐይቆች የሚኖር፣ ሰውነቱ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ዓሣ ነው። ከሳልሞንና ከትራውት ወገን ሲሆን ዝምድናውን በጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ ከምትታየው አጥንት የለሽ ትንሽ የስብ ክንፍ መለየት ይቻላል። በሚኒሶታና በማኒቶባ የውስጥ ሐይቆች ተሊቢ ይባላል። በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ይኸው ዓሣ ሲስኮ ወይም የሐይቅ ሄሪንግ የሚል ስም አለው፤ ከባሕሩ ሄሪንግ ጋር ግን አይዛመድም። ተሊቢ የሚለው ቃል መነሻው የአገሩ ነባር የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ በካናዳ ፈረንሳይኛ አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ኮሬጎነስ አርቴዲን፣ ያወጣለት ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሻርል ለሱር ሲሆን ዘመኑም 1818 ነበር። ስሙ የዓሣ ጥናት አባት ለሚባለው፣ በ1735 አምስተርዳም ውስጥ ቦይ ገብቶ ሰጥሞ ለሞተው ስዊድናዊ ለፒተር አርቴዲ መታሰቢያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን፣ ወራቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በጋና ክረምቱ ግን እንደ ሰሜን አሜሪካ ናቸው።)

በሚኒሶታ ሐይቆች ጎልማሳ ተሊቢ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ከተገኘ ደህና ዓሣ ነው። በዚያው ሐይቅ ከሚኖረው የቅርብ ዘመዱ ከዋይትፊሽ ጋር ጀማሪ አጥማጅ ያምታታዋል። መለያው አፍ ላይ ነው። ዋይትፊሽ ከታች ከወለል ስለሚለቅም አፍንጫው ከታችኛው መንጋጋው አልፎ ይንጠለጠላል። ተሊቢ ግን ምግቡን ከፊቱና ከበላዩ ስለሚይዝ ሁለቱ መንጋጎቹ እኩል ይገጥማሉ፤ አንዳንዴም የታችኛው ትንሽ ቀደም ይላል። ቅርፊቱ ልል ነው። ገና ከውሃ እንደወጣ እጅ ሲነካው ይረግፋል፤ አንድ ሁለት ተሊቢ የያዘ ሰው ጓንቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ሳንቲም መሳይ ቅርፊቶች ተለጥፈው ያገኛቸዋል።

የተሊቢ ኑሮ በቅዝቃዜ የተወሰነ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይጨነቃል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ይፈልጋል። በበጋ እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጩበታል። ፀሐይ የሐይቁን ገጽ ስታሞቀው ሞቃቱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል፤ ሁለቱም ሳይቀላቀሉ ወራት ይቆያሉ። ከላይ ያለው ውሃ ኦክስጅን አለው፤ ነገር ግን ሞቃት ነው። ከታች ያለው ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አየር አያገኝም፣ ከወለሉ ላይ የሚበሰብሰውም ቅጠልና አልጌ ያለውን ኦክስጅን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ተሊቢ በሁለቱ መካከል በምትገኝ ስስ የውሃ ንብርብር ተጣብቆ ይከርማል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከበረታ ይህች ንብርብር ትጠፋለች፤ ያኔ ዓሣው በብዛት እየሞተ ወደ ዳር ይወጣል። በ2006 ክረምታችን ላይ፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ በሚኒሶታ በርካታ ሐይቆች ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ተመራማሪዎችም ከዚያ እልቂት ተነሥተው ዓሣው እስከ ምን ድረስ ሙቀትንና የኦክስጅን እጥረትን አንድ ላይ እንደሚችል ለመለካት በቁ።

ከዚህ ጥናት የተገኘው ውጤት ለሐይቅ ጥበቃ ትልቅ ትርጉም አለው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤትና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ተሊቢ ከሚገኝባቸው ከ600 በላይ ሐይቆች መካከል 176ቱን «መጠጊያ» ብለው ለዩ። እነዚህ ሐይቆች ጥልቅና ጥርት ያሉ ስለሆኑ የአየሩ ሙቀት ቢጨምር እንኳ ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያለው ንብርብር ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የእነሱ ዕጣ ግን የሚወሰነው በየብሱ ነው። ደን ሲመነጠርና መሬቱ ሲታረስ ወይም ቤት ሲሠራበት ዝናቡ ፎስፈረስ ያዘለ አፈር አጥቦ ወደ ሐይቁ ያወርዳል፤ ፎስፈረሱ አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች የአንድ ሐይቅ ተፋሰስ ሦስት አራተኛው በደን እንደተሸፈነ ከቆየ ውሃው ሊጠበቅ ይችላል በሚል መመሪያ ይሠራሉ፤ ከደን ባለንብረቶች ጋር ዛፍ ላለመመንጠር ውል ይገባሉ። ዓሣን ለማዳን ዛፍን መጠበቅ፣ የደብር ደኖችንና ከሥራቸው የሚፈልቁትን ምንጮች ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ተሊቢ ለሐይቁ የሚሰጠው ብዙ ነው። ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ከእነሱ ያገኘውን ጉልበት በሰውነቱ ውስጥ ስብ አድርጎ ያጠራቅማል፤ ያንን ስብ ደግሞ ትልልቆቹ አዳኞች፣ ፓይክ፣ ዋልአይ፣ ማስኪና የሐይቅ ትራውት ይበሉታል። ማስኪና ፓይክ ለዝና የሚበቃ ቁመት የሚያገኙባቸው ሐይቆች ብዙውን ጊዜ ተሊቢ ያለባቸው ናቸው። ዋልአይ የሚያጠምዱ ሰዎች ተሊቢ መንጠቆአቸው ላይ ሲመጣ ቅር እንደሚላቸው የታወቀ ነው፤ የሚመኙት ትልቅ ዓሣ የወፈረው ግን በዚሁ በሚንቁት ዓሣ ነው።

በኅዳር ውሃው ወደ 4 ዲግሪ ሲጠጋ ተሊቢ ወደ ዳር ወጥቶ ጠጠርና ድንጋይ ላይ እንቁላሉን ይበትናል። አይጠብቀውም፤ ጎጆም አይሠራም። እንቁላሉ ክረምቱን ሙሉ በግግሩ ሥር ተኝቶ በረዶው ሊሟሟ ሲል ይፈለፈላል። ዓሦቹ ለዚህ ወደ ዳር ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ለተወሰኑ ሐይቆች ፈቃድ ይሰጥና የግዛቲቱ ነዋሪዎች ለየቤታቸው ፍጆታ መረብ ይጥላሉ፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ መረብ ሲሆን ርዝመቱ ከ30 ሜትር፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ መልክ የሚያዘው አብዛኛው ዓሣ የሚያልቀው ጭስ ቤት ውስጥ ነው። መረቡ ተነሥቶ ሐይቁ ሲረጋ ተራው የመንጠቆ ይሆናል።

አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ውሃው ላይ የሚረጋውንም በረዶ ይላል። ለዚህ ጉዳይ ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ የረጋው ውሃ ግግር፣ ከላይ የሚነጠፈው ለስላሳ ነጭ ደግሞ አመዳይ ይባል። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ላይ ነው። ሐይቁ በመጸው ሲቀዘቅዝ እዚህ ላይ እስኪደርስ ድረስ ከላይ እስከ ታች ይገለባበጣል፤ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ውሃ ግን ቀላል ስለሆነ ላይ ቀርቶ ይረጋል። በዚህ ምክንያት ሐይቅ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይረጋም፤ ከግግሩ ሥር ያለው ውሃም እስከ ወለሉ ድረስ ቀዝቃዛ ይሆናል። በበጋ በአንዲት ንብርብር ታስሮ የነበረው ተሊቢ በክረምት የሐይቁ ጌታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀት አይከለክለውም፤ እንዳሻው ከወለል እስከ ግግሩ ሆድ ይወጣል ይወርዳል። የሰው ልጅም ያለ ጀልባ፣ በእግሩ ተራምዶ፣ ከመንጋው በላይ መቆም የሚችለው በዚህ ወቅት ብቻ ነው።

ሚኒሶታ ከ4 ሄክታር የሚሰፉ 11,842 ሐይቆች አሏት። ለተሊቢ ከሚጠቀሱት መካከል ሊች ሌክ፣ ካስ ሌክና ዊኒቢጎሺሽ ይገኙበታል። ከሚኒያፖሊስ በስተ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሚል ላክስ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ይሰፋል፤ ከዝዋይ ሐይቅ ይበልጣል ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 13 ሜትር ብቻ በመሆኑ በሞቃት ዓመታት ተሊቢው ክፉኛ ተጎድቷል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከመኪና መንገዱ ዳር በየሐይቁ ላይ የተደረደሩትን የአጥማጆች ጎጆዎችና ድንኳኖች ያያሉ።

ግግር ላይ ለመውጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው ውፍረቱ ነው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር፣ ለአነስተኛ መኪና ደግሞ ከ23 እስከ 25 ሴንቲሜትር አዲስና ጥርት ያለ ግግር ያስፈልጋል ይላል። አመዳይ ርሶ ተመልሶ የረጋው ነጩ ግግር ጥንካሬው የጥርቱ ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ውፍረቱ ደግሞ በአንድ ሐይቅ ላይ እንኳ እኩል አይደለም፤ ወንዝ የሚገባበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ አመዳይ የተቆለለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ስስ ነው። ልምድ ያለው አጥማጅ ጫፉ የሾለ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ ፊት ፊቱን እየወጋ ይራመዳል፤ በአንድ ምት ከበሳ ወደ መጣበት ይመለሳል። አንገቱ ላይ በገመድ የታሰሩ ሁለት የእጅ ወስፌዎች ያንጠለጥላል። ግግሩ ቢከዳው በእነሱ ጠርዙን እየወጋ ራሱን ይጎትታል፤ ባዶ እጅ እርጥብ ግግር ላይ ምንም አይጨብጥምና። ከወጣም በኋላ አይቆምም፤ ክብደቱን አሰራጭቶ በደረቱ እየተንከባለለ ይርቃል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ግግሩ እየሰፋ ሲሰነጠቅ ሐይቁ ከዳር ዳር ያጓራል። ድምፁ ለእንግዳ ሰው ያስፈራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ግግር እየወፈረ መሆኑን እንጂ ሊሰበር መሆኑን አይናገርም።

ድንኳን ውስጥ የሚነደው የጋዝ ማሞቂያ ሌላው አደጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በከሰል ጭስ ታፍኖ የሞተ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ለሚነገርበት ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መፍትሔው የድንኳኑን መተንፈሻ ክፍት መተውና መለኪያ መሣሪያ መስቀል ነው።

ወቅቱ ራሱ እያጠረ ነው። የሚኒሶታ ሐይቆች ባለፉት 50 ዓመታት በአማካይ ሁለት ሳምንት ገደማ የግግር ጊዜ አጥተዋል። በ2023 ማብቂያ የገባው ክረምት በግዛቲቱ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀ ነበር፤ በታኅሣሥ ወር በአፐር ሬድ ሌክ ላይ የግግሩ ክፋይ ከዳሩ ተገንጥሎ ከ100 በላይ ሰዎች በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጥተዋል።

የኦጂብዌ ሕዝብ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ጀምሮ ከግግር ሥር ዓሣ ያወጣ ነበር። ከዘዴዎቹ አንዱ ጨለማ ጎጆ ነው። አጥማጁ ብርሃን በማያስገባ ጠባብ መጠለያ ውስጥ በቀዳዳው ላይ ይጎነበሳል። ውስጡ ጨለማ በመሆኑ ከግግሩ ሥር ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ያበራለታል፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ትንሽ የዓሣ ምስል በክር አንጠልጥሎ እያዋኘ ትልቁን ዓሣ ያባብልና በጦር ይወጋዋል። እነዚያ የእንጨት ዓሦች ዛሬ በሙዚየም የሚቀመጡ የጥበብ ሥራዎች ናቸው። የሚል ላክስ ኦጂብዌዎች በ1837 ውል መሬታቸውን ሲሰጡ የማደንና የማጥመድ መብታቸውን ለራሳቸው አስቀርተው ነበር፤ መብቱ ጸንቶ እንዳለ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አረጋግጧል።

ዛሬ አብዛኛው አጥማጅ የሚጠቀመው መንጠቆ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ በእጅ ወይም በባትሪ በሚሠራ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ይከፈታል፤ ስብርባሪው በወንፊት ጭልፋ ይዛቃል። ዘንጉ አጭር ነው፤ ከክንድ ብዙ አይረዝምም፤ አጥማጁ ቀዳዳው አፍ ላይ ስለሚቀመጥ መወርወር የለም። ክሩ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ብቻ የሚሸከም ስስ ነው። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ከባድ መንጠቆ ትታሰራለች፤ ከበላይዋ የምታብለጨልጭ ትንሽ የብረት ማንኪያ የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው፤ ተሊቢ በብልጭታ ይሳባልና። መንጠቆዋ ላይ የሚሰካው ነጭ ትል የሰም እራት እጭ ነው። የአገራችን ንብ አናቢ ቀፎውን ስለሚያበላሽበት አጥብቆ የሚጠላው ይኸው ፍጥረት በሚኒሶታ በትንንሽ ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል።

ተሊቢ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ በመንጋ ሆኖ መሐል ውሃ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በስንት ሜትር ላይ ነው የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚቀበለው ሶናር ነው፤ ክብ መስታወቱ ላይ ወለሉ፣ መንጠቆዋና ዓሣው በቀለም ያበራሉ። ሶናርን፣ ቀላል ድንኳንንና አጭር ዘንግን አቀናጅቶ ዓሣን ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየዞሩ መፈለግን ያስለመደው ሚኒሶታዊው ዴቭ ጌንዝ ነው፤ ለውጡም ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። መንጋው ሲደርስ መስታወቱ በአንዴ በመስመሮች ይሞላል። መንጠቆዋ ከመንጋው ትንሽ ከፍ ብላ መቆየት አለባት፤ ተሊቢ ወደ ላይ ተነሥቶ ይወስዳል እንጂ ወርዶ አይከተልም። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓሣ በተከታታይ ይያዛል፤ ደቂቃዎችም ሳይቆዩ መስታወቱ ባዶ ይሆናል። ቀጣዩ መንጋ እስኪመጣ ሩብ ሰዓትም ግማሽ ቀንም ሊሆን ይችላል።

አነካከሱ ልዩ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች የብረት ምላስ ትታሰራለች፤ የመንጠቆዋ ክብደት ትንሽ አጎንብሷት ትቆያለች። ሌላ ዓሣ ሲነክስ ምላሷ ወደ ታች ትሳባለች። ተሊቢ ግን መንጠቆዋን አፉ ውስጥ ይዞ ወደ ላይ ስለሚዋኝ ብዙ ጊዜ ምላሷ በዝግታ ቀና ትላለች፤ እጅ ላይ ምንም አይሰማም። ንዝረት የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳያይ ያልፈዋል። አፉ ስስ ስለሆነ በኃይል መሳብ ይቀድደዋል፤ የእጅ አንጓን በመጠኑ ቀና ማድረግ ይበቃል። ዓሣው እየተሽከረከረ ሲታገል ክሩ ሳይላላ፣ ሳይጎተትም፣ በእኩል ፍጥነት ይጠቀለላል። በሚኒሶታ ሕግ በክረምት ሁለት ዘንግ መያዝ ይፈቀዳል፤ ዕድሜው 16 የሞላ ሰው በመደበኛው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የማይፈለገውን ዓሣ ግግር ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ ያስቀጣል።

ብዙ ሰው ተሊቢን የሚንቅበት አንዱ ምክንያት ሥጋው ውስጥ ነው። ፊሌቶ ሲወጣ አንዳንዴ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ከረጢቶች ይታያሉ። እነዚህ ትራይኖፎረስ ክራሰስ የተባለ የኮሶ ዓይነት ትል እጮች ናቸው። ትሉ የሚጎለምሰው ፓይክ አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ተፈልፍሎ ጥቃቅን እንስሳት ይውጡታል፣ እነሱን ተሊቢ ይበላል፣ ተሊቢን ደግሞ ፓይክ ይበላና ዙሩ ይዘጋል። ሰው በዚህ ዙር ውስጥ የለበትም፤ ትሉ ሰው ላይ አያድግም፣ ዓሣው በስሎ ቢበላም አይጎዳም። በእነዚያ ሐይቆች ሰውን የሚይዝ ሌላ የዓሣ ኮሶ ስላለ ግን የትኛውም ዓሣ በጥሬው መበላት የለበትም። በሜርኩሪ በኩል ተሊቢ የተሻለ ነው፤ ሜርኩሪ ከአዳኝ ወደ አዳኝ እየተከማቸ ስለሚሄድ ጥቃቅን ነገር የሚበላ ዓሣ ከፓይክና ከዋልአይ ያነሰ ይይዛል።

ሁለተኛው ምክንያት ስቡና ቀጫጭን አጥንቱ ነው። ተሊቢ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ከባድ ይሆናል። ጭስ ውስጥ ግን ይኸው ስብ ወደ ጸጋ ይለወጣል፤ ስብ የሌለው ዓሣ ሲታጠን እንደ ጭራሮ ይደርቃል፣ ተሊቢ ግን ከውስጥ እየራሰ ይበስላል። የጭስ መዓዛም ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ይሟሟል። ወተት ዕቃና ጠላ ጋን በወይራ የሚያጥን ሰው መዓዛ እንዴት በቅባትና በዕቃ ላይ እንደሚቀር ያውቀዋል፤ እዚህ የሚታጠነው ራሱ ምግቡ ነው።

ዓሣው ግግር ላይ እንዳለ ይቀዘቅዛል፤ የሚጎዳው እየረጋ እየቀለጠ መመላለሱ ነው። ቤት እንደደረሰ ሆዱ ይከፈታል፣ ስንጥቡ ይወጣል፣ በአከርካሪው ሥር የተጋደመው ጥቁር የደም መስመር በማንኪያ ጫፍ ተፍቆ ይታጠባል፤ ይህ ከቀረ ሥጋው ይመራል። ቅርፊቱና ቆዳው አይነኩም፤ ሥጋውን ጠፍሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ከ80 እስከ 100 ግራም ጨውና የፈቀዱትን ያህል ቡናማ ስኳር በመበጥበጥ ዓሣው በፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ጨው ውሃውን ይስባል፣ ሥጋውን ያጠነክራል፤ ስኳሩ የጨዉን ጠርዝ ያለዝባል። በቁመት የተሰነጠቀ ትልቅ ዓሣ ጨው ቶሎ ስለሚገባው ሰዓቱ ያጥራል።

ጠዋት ዓሣው በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ይደረግና ቀዝቃዛ ነፋስ ባለበት ፍርግርግ ላይ ይሰጣል። ይህን ደረጃ ችኩል ሰው ይዘለዋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ከሥጋው ወደ ገጹ የወጣው ፕሮቲን ይደርቅና ስስ አንጸባራቂ ሽፋን ይሠራል። መድረሱ በጣት ይታወቃል፤ ገጹ አይረጥብም፣ ሲነኩት ግን ጣትን ልክክ አድርጎ ይይዛል። ጭስ የሚቀመጠው እዚህ ሽፋን ላይ ነው። እርጥብ ዓሣ ጭስ ውስጥ ቢገባ ጥላሸት ያለው መራራ ጠብታ ይቋጥራል፤ ሲሞቅም ነጭ እንቁላል መሳይ ፈሳሽ እያፈላ ይወጣበታል።

የጭስ ቤቱ ዓይነት ብዙ ነው። አንዳንዱ ከቦርድ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ከድሮ ብረት ፍሪጅ ቀፎ የሚሠሩም አሉ። የድሮ ፍሪጅ መደርደሪያ ግን ካድሚየም የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ወጥቶ በማይዝግ ብረት መተካት አለበት። ማገዶው ጠንካራ እንጨት ነው፤ ሜፕል፣ የፖም ዛፍ፣ ኦክ፣ አልደር። ጥድና ሙጫ ያላቸው ዛፎች ሁሉ አይሆኑም፤ ሙጫው መራራ ጥቀርሻ ይሰጣል። ስባሪው ወይም ሰጋቱራው መንደድ ሳይሆን መጤስ አለበት፤ ጥሩ ጭስ ሰማያዊ ነገር ያለው ስስ ነው፣ ድፍርስ ነጭ ጭስ እሳቱ አየር እንዳነሰው ያሳያል። ሙቀቱ በ60 ዲግሪ አካባቢ ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ገና ከመነሻው ከፈጠነ ገጹ ይጠነክርና የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ግማሽ ኪሎ ዓሣ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ከብርማነት ወደ ወርቃማነት፣ ከወርቃማነት ወደ ነሐስ ይለወጣል። ይህ ቀለም በጭሱ ውስጥ ያሉ ውህዶች ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ሲዋሃዱ የሚፈጠር ነው።

ቀለም ግን የመብሰል ማረጋገጫ አይደለም። የቴርሞሜትር ጫፍ በወፍራሙ የዓሣው ክፍል ተሰክቶ 71 ዲግሪ ማሳየት አለበት፤ ዓሣውም በዚያ ሙቀት ግማሽ ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። ይህ ቁጥር የተወሰነው በምክንያት ነው። ክሎስትሪድየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር በሐይቅ ደለልና በዓሣ አንጀት ውስጥ ይገኛል፤ አየር በሌለበት ሲያድግ ነርቭን የሚያሽመደምድ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዝ ያመነጫል። በዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነት በ3.3 ዲግሪ እንኳ ማደግ ይችላል፤ ፍሪጅ ብቻውን አያስቆመውም። በ1963 ከታላላቆቹ ሐይቆች የመጣ፣ የተሊቢ የቅርብ ዘመድ የሆነ የታጠነ ዓሣ አየር በወጣለት ፕላስቲክ ታሽጎ ተሸጦ በደቡባዊ ግዛቶች ሰዎችን ገድሏል። በንግድ ለሚታሸግ የታጠነ ዓሣ የጨው መጠን በደንብ የሚወሰነው ይህን ለመከላከል ነው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ሳያበስሉ የሚያጥኑበት ቀዝቃዛ አጠናን ቤት ውስጥ ሊሞከር የማይገባውም ለዚሁ ነው።

ከጭሱ የወጣ ዓሣ ሳይሸፈን ይቀዘቅዛል፤ ትኩሱ ከተጠቀለለ ላቡ ሻጋታ ያመጣል። ከዚያ በወረቀት ተጠቅልሎ ከ3 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ እስከ ሁለት ሳምንት ይበላል። ለረጅም ጊዜ የሚፈለገው ወዲያውኑ በፍሪዘር መርጋት አለበት፤ የዚህ ዓሣ ስብ በቅዝቃዜም ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚቆመጥጥ ከሁለት ሦስት ወር በላይ ማቆየት አያዋጣም። አየር በወጣለት ፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ከፍሪዘር ሲወጣ እንደታሸገ መቅለጥ የለበትም፤ አስቀድሞ ይቀደዳል።

ሲቀርብ ቆዳው ከአንገቱ ጀምሮ እንደ ወረቀት ይላጣል። በአንድ አውራ ጣት ጀርባው ላይ ጫን ሲባል ሥጋው በወፋፍራም ቅርፍት ከአከርካሪው ይለቃል፤ አከርካሪውም ከጎን አጥንቱ ጋር ባንድ ላይ ተመዝዞ ይወጣል። የቀሩት ቀጫጭን አጥንቶች በጣት ይፈለጋሉ። በሰሜን ሚኒሶታ ከደረቅ ብስኩትና ከሽንኩርት ጋር ይበሉታል፤ ዳቦ ላይ በሎሚና በተከተፈ ቃሪያም ይሄዳል። ከሆዱ በኩል ያለው ስስ ሥጋ ስቡ የበዛበት ስለሆነ የጭሱ መዓዛ የሚጠነክረው እዚያ ነው፤ አጣኙም ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚያስቀረው እሱን ነው።